ድርብ ዳይ ወይስ የማሽን መደረብ? ስለ አንድ የ1969 ሴንት የቀረበ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄው፦ «በቨርጂኒያ በአንድ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ወደ ሳጥኔ የሚገቡትን አሮጌ ሴንቶች በራሴ ገንዘብ እየተካሁ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ 1969 ከሚለው ቁጥር ሥር ኤስ የሚል ፊደል ያለበት ሴንት አገኘሁ። ቁጥሩም ኤሱም ድርብ ሆነው በግልጽ ይታያሉ። እንዲህ ያለው ሴንት በብዙ ሺህ ዶላር እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ፤ ሌላ ሰው ደግሞ የማሽን ነው፣ ዋጋ የለውም አለኝ። ልዩነቱን እንዴት ልወቅ? በተረፈ፣ 1995 የሚል ሌላ ሴንት ላይ ‹ሊበርቲ› የሚለው ቃል ወፈር ያለ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እንደ መጀመሪያው ጥርት ብሎ ስላልታየኝ ትቼዋለሁ።»

ምላሽ፦

በገለጹልኝ መሠረት የ1969 ሴንትዎ ድርብ ዳይ፣ ማለትም ምስሉ በማተሚያው ማኅተም ላይ ሁለት ጊዜ ተቀርጾ የወጣ ውድ ሳንቲም፣ አይደለም፤ የማሽን መደረብ ነው። ፎቶውን ሳላይ ይህን ለማለት የቻልኩት ከጻፉት ውስጥ አንዲት ነጥብ ስለበቃችኝ ነው፤ ኤሱም ተደርቧል ብለዋል። የኤሱ መደረብ ለእርስዎ ተጨማሪ ማስረጃ መስሎ ታይቶዎት ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ሴንት ላይ ተስፋውን የሚያፈርሰው እሱ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ከዚያ እጀምራለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳንቲም የሚታተመው ዳይ በሚባሉ ሁለት የጠነከሩ የብረት ማኅተሞች መካከል ነው። በሳንቲሙ ላይ ጎላ ብሎ የሚወጣው ፊደልና ምስል በዳዩ ላይ ጎድጎድ ብሎ፣ አቅጣጫውም ተገልብጦ ተቀርጿል። ዳዩ ራሱ ግን አንድ በአንድ በእጅ አይቀረጽም፤ እንደ ሳንቲሙ ጎላ ያለ ምስል ያለው ሃብ የተባለ ሌላ ጠንካራ ብረት በከፍተኛ ኃይል ለስላሳ ብረት ላይ ሲጫን ጎድጓዳው ቅርጽ በዚያው ይወጣል። እንግዲህ ምስሉ ሁለት ጊዜ ይጫናል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ከሃቡ ወደ ዳዩ፣ ቀጥሎም ከዳዩ ወደ ሳንቲሙ። እርስዎ የጠየቁት ጉዳይ በሙሉ ስሕተቱ ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛው ላይ ደረሰ ወደሚል ጥያቄ ይመለሳል። «ተደርቧል ወይስ አልተደረበም?» ብሎ የሚጀምር ሰብሳቢ ዓመታት ሊደክም ይችላል፤ «የተደረበው መቼ ነው?» ብሎ የሚጀምር ግን ብረቱ ራሱ መልሱን ይነግረዋል።

የአሜሪካ ሚንት (ሳንቲም የሚያትመው የመንግሥት ድርጅት) እስከ 1990ዎቹ ድረስ አንድን ዳይ በአንድ ጫና ማጠናቀቅ አይችልም ነበር። ብረት ሲጫን እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ከመጀመሪያው ጫና በኋላ ዳዩ ወደ ምድጃ ተወስዶ በእሳት እንዲለዝብ ይደረጋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ተመልሶ በሃቡ ሥር ይቀመጥና እንደገና ይጫናል። ለሁለተኛው ጫና ሲቀመጥ በትክክል የቀድሞ ቦታው ላይ ካልዋለ፣ ጥቂት ዞር ወይም ፈቀቅ ካለ፣ በዳዩ ላይ ሁለት ምስል ይቀረጻል። ድርብ ዳይ ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ የዳዩ በመሆኑ ከዚያ ዳይ የሚወጣ እያንዳንዱ ሳንቲም ያንኑ መደረብ፣ በዚያው ቦታና በዚያው መጠን ይዞ ይወለዳል።

ዝነኛው ምሳሌ የ1955ቱ የሊንከን ሴንት ነው። በፊላዴልፊያ ሚንት በሌሊት ፈረቃ የታተሙት እነዚህ ሴንቶች ስሕተታቸው የታወቀው ከብዙ ጤነኛ ሴንቶች ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ስለነበር ወደ ገበያ እንዲወጡ ተደረገ፤ የወጡትም በ20,000 እና በ24,000 መካከል እንደሆኑ ይገመታል። ብዙዎቹ የተገኙት በማሳቹሴትስና በኒውዮርክ ግዛት ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፓኮ ሲጋራ ከመሸጫ ማሽን 23 ሳንቲም ያወጣ ስለነበር ሩብ ዶላር ላስገባ ሰው የሚመለሱት ሁለት ሴንቶች ፓኮው ላይ ታሽገው ይሰጡ ነበር፤ ድርብ ሴንቶቹም ወደ ሰው እጅ የገቡት አንዱ በዚህ መንገድ ነው። በእነሱ ላይ የዓመቱ ቁጥርና የፊደሎቹ መደረብ ያለ አጉሊ መነጽር ይነበባል፤ የጀርባው ዳይ ግን ጤነኛ ስለነበር የሳንቲሙ ጀርባ ምንም አልሆነም።

አሁን ወደ ኤሱ ልመለስ። ኤስ የሳን ፍራንሲስኮ ሚንት ምልክት ነው። በ1969 የከተማው ምልክት በሃቡ ላይ አልነበረም፤ ዳዩ በሃቡ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አንድ ሠራተኛ ትንሽ መምቻ ብረት ይዞ ፊደሏን በእጁ እየመታ ያስገባት ነበር። ዳዩ በሃቡ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ምስሉ ሲደረብ ኤሷ ገና በቦታው አልነበረችም። ስለዚህ የእውነተኛው የ1969 ኤስ ድርብ ዳይ ቁጥሩ፣ «ሊበርቲ» የሚለው ቃልና ከላይ ያለው «ኢን ጋድ ዊ ትረስት» የሚለው ጽሑፍ በጉልህ ተደርበው ሳለ ኤሱ አንድ ብቻ ነው። የእርስዎ ሴንት ላይ ቁጥሩም ኤሱም አብረው ከተደረቡ፣ ሁለቱም በቦታቸው ከነበሩ በኋላ የመጣ ነገር ነው የደረባቸው፤ ያም የኅትመቱ ቅጽበት ነው። እርግጥ ሠራተኛው ኤሷን ሁለት ጊዜ በተለያየ ቦታ የመታበት ዳይም ይኖራል፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ዓይነት ነው፣ ቁጥሩን አይነካም።

ይህ ፈተና ወሰን እንዳለው አደራ እላለሁ። ከ1990 ጀምሮ በሴንት ላይ ምልክቱ ሌሎቹ ዳዮች በሚወጡበት በዋናው ዳይ ላይ አብሮ መቀረጽ ስለጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ የምልክቱ መደረብ አለመደረብ ምንም አይመሰክርም። ያን ጊዜ የሚቀረው የብረቱ ምስክርነት ብቻ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሊማሩት የሚገባዎትም እሱን ነው።

የማሽን መደረብ የሚመጣው ዳዩ በማተሚያው ውስጥ በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር ነው። ዳዩ ጠፍጣፋውን ብረት መትቶ ፊደሉን ካወጣ በኋላ፣ ገና ሳይለቀው በፊት ይንቀጠቀጣል ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል። በዚያች ቅጽበት ፊደሉ ተፈጥሮ አልቋል፤ የተንሸራተተው ዳይ የፊደሉን አንድ ጎን ይጨፈልቅና ብረቱን ወደ ሜዳው (በፊደሎቹ ዙሪያ ወዳለው ባዶ ገጽ) ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛ ምስል መስሎ የሚታየው ይህ የተጨፈለቀ ብረት ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ዝቅ ያለ፣ ከፊደሉ ጎን እንደ መደርደሪያ ተለጥፎ የሚታይ ደረጃ። ብረቱ አዲስ የተፋቀ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ይልቅ ያብረቀርቃል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የልዩነቱ እምብርት ነው። በማሽን መደረብ ለፊደሉ የተጨመረለት ብረት የለም፤ እንዲያውም ከራሱ አካል ተወስዶበታል። ደረጃውና የቀረው ቁመት ተደምረው ስፋታቸው የጤነኛውን ፊደል ያህል ነው፤ የፊደሉ አናት ግን ከጤነኛው ይቀጥናል። በድርብ ዳይ ደግሞ ፊደሉ ዳዩ ላይ ሁለት ጊዜ ስለተቆፈረ ብረቱ ሁለቱንም ጉድጓድ ይሞላል፤ ፊደሉ ይወፍራል፣ ሁለተኛው ምስልም እንደ መጀመሪያው ክብ ትከሻ ይኖረዋል። ስለዚህ አንድን የተደረበ ሳንቲም በእጅዎ ሲይዙ ከሁሉ አስቀድመው ያንኑ ዓመትና ያንኑ ከተማ የሚል ጤነኛ ሴንት አጠገቡ አስቀምጠው ፊደሉ ወፍሮ እንደሆነ ወይም ቀጥኖ እንደሆነ ይመልከቱ። በእኔ ግምት ከስሕተቱ አብዛኛውን የሚያስቀረው ይህ ንጽጽር ነው፤ ጀማሪዎች ግን ሳንቲሙን ብቻውን አንስተው ስለሚያዩ የሚመዝኑበት ልክ አይኖራቸውም።

ሁለተኛው ምልክት የፊደሉ ማዕዘን ነው። የፊደል እግሮችና ጫፎች ሁለት ጊዜ በተለያየ ቦታ ሲቀረጹ፣ ሁለቱ ጫፎች በሚለያዩበት ቦታ ትንሽ ሹል ሰርጓዳ፣ እንደ እርግብ ጅራት የተሰነጠቀ ነገር ይቀራል። «ሊበርቲ» ከሚለው ቃል የቲን (T) አግድም ክንድ ወይም የኢን (E) ጫፎች ይመልከቱ። በማሽን መደረብ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ስንጥቅ አይገኝም፤ ደረጃው ጫፉን ጠርጎት ስለሚያልፍ ማዕዘኑ የተላጠ ይመስላል። ሆኖም ሰርጓዳው የሌለበት ድርብ ዳይም አለ፤ ሁለቱ ምስሎች በጣም ተቀራርበው ከወደቁ የሚታየው የፊደሉ ውፍረት ብቻ ነው። ይህን ያስታውሱልኝ፣ ወደ 1995ቱ ሴንትዎ ስንመለስ ያስፈልገናልና።

አቅጣጫን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይተማመንበታል። ዳዩ በሁለቱ ጫናዎች መካከል ዞሮ ከሆነ ሁለተኛው ምስል በሳንቲሙ ዙሪያ አቅጣጫውን እየለወጠ ይሄዳል፤ መሃሉ የመዞሪያው እምብርት ስለሆነ መደረቡ በጠርዙ አካባቢ ይጎላል፣ በሊንከን ፊት ላይ ግን ይደበዝዛል። የ1955ቱና የ1969ኙ እንዲህ ናቸው። የማሽን መደረብ ብዙውን ጊዜ በአንድ አቅጣጫ የተገፋና በከፊል ብቻ፣ በቁጥሩና በምልክቱ ላይ ለምሳሌ፣ የሚታይ ነው። ዳይ ግን ሲፈታ ዞሮም ሊንሸራተት ይችላል፤ ሃብና ዳይም ሳይዞሩ እንዲሁ ፈቀቅ ብለው ሊጫኑ ይችላሉ። ስለዚህ አቅጣጫው አጋዥ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

እነዚህን ምልክቶች ለማየት ብርሃኑ ከአጉሊ መነጽሩ እኩል ዋጋ አለው። ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት ሰባት ወይም አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላ መሣሪያ ጭረቱን ሁሉ ተራራ ስለሚያደርገው የፊደሉን አጠቃላይ ቅርጽ ያሳጣዎታል። አንድ መብራት ብቻ ከጎን፣ ዝቅ ካለ ቦታ ያብሩና ሳንቲሙን ጠርዙን ይዘው ቀስ ብለው ያዙሩት። የማሽን መደረብ ደረጃ ጠፍጣፋ ስለሆነ በአንድ ማዕዘን ላይ ሲደርስ እንደ መስታወት ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፤ የድርብ ዳይ ሁለተኛ ምስል ግን ክብ ስለሆነ ብርሃኑ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ የራሱን ጥላ ይዞ ይቆያል። በስልክ ፎቶ ሲያነሱ ከፊት ለፊት የሚወርደው ብርሃን ይህን ልዩነት ጨርሶ ስለሚያጠፋው፣ በፎቶ ብቻ የተሰጠ ፍርድ ላይ አይቸኩሉ።

አንድ ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ የዳይ እርጅና። አንድ ዳይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሳንቲም ካተመ በኋላ ብረቱ እየፈሰሰና እየተበላ ስለሚሄድ የፊደሎቹ ጠርዝ ይንዘረፈፋል፤ ቁጥሩም ጥላ የወደቀበት ይመስላል። ሜዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻካራ ሆኖ፣ ፊደሎቹ ወደ ጠርዙ የተሳቡ መስለው ካገኙዋቸው ይህንን ይጠርጥሩ። የዚሁ የ1955 ዓመት ሴንቶች ውስጥ የመጨረሻው አምስት ቁጥር ብቻ የተደረበ የሚመስልባቸው አሉ፤ ሰብሳቢዎች «የድሃ ድርብ ዳይ» ይሏቸዋል፣ ነገሩ ግን ያረጀ ዳይ ብቻ ነው። በተጨማሪም ከ1982 ጀምሮ ሴንት 97.5 በመቶው ዚንክ፣ በላዩም ስስ የመዳብ ልባስ ስለሆነ፣ ልባሱ በፊደሉ ጎን ተሰንጥቆ ከሥሩ የሚታየው ነጣ ያለ ዚንክ እንደ ሁለተኛ ምስል ዓይንን ያታልላል። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ሚንቱ ዳዩን በአንድ ጫና ወደሚያጠናቅቅ ዘዴ ስለተሸጋገረ፣ የዘመናችን ድርብ ዳዮች በአብዛኛው ትንሽና በሳንቲሙ መሃል አካባቢ የሚገኙ ናቸው። በ2009 ሊንከን ወጣት ሳለ ግንድ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ በሚያሳየው ሴንት ላይ ተጨማሪ ጣት የሚታይባቸው የዚህ ዓይነት ናቸው።

በብዙዎቻችን ቤት ስላሉት የእኛው ሳንቲሞችም ልጥቀስ፤ በአንድ ወገን የአንበሳ ራስ ያለባቸው፣ ዓመቱም በግእዝ አኃዝ ፲፱፻፷፱ ተብሎ የተጻፈባቸው፣ በሌላው ወገን አራሹን ከበሬዎቹ ጋር ወይም ኒያላውን የሚያሳዩት። በእኛ አቆጣጠር 1969 ዓ.ም. መሆኑ ከእርስዎ ሴንት ቁጥር ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። እነሱም በዳይ የተመቱ ስለሆኑ በሴንቱ ላይ የሚደርሰው መደረብ በእነሱም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የኤሱ ፈተና አይሠራባቸውም እንጂ ስለ ውፍረት፣ ስለ ማዕዘንና ስለ ብርሃን የተናገርኩት ሁሉ እንዳለ ይሠራል።

ስለ ዋጋው የሰሙት ሐሰት አይደለም። እውነተኛው የ1969 ኤስ ድርብ ዳይ የሚታወቀው ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ከ500 ሚሊዮን በላይ ሴንት አትሟል፤ በ1968፣ በ1969 እና በ1970 የኤስ ሴንቶች ላይ ደግሞ የማሽን መደረብ በጣም የተለመደ ነው። ማለትም አንድ ሰው ተደርቦ የሚያገኘው የ1969 ኤስ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መጠን እንደ እርስዎ ያለው ነው። እኔም በጀማሪነቴ አንድ ሻጭ «ድርብ ዳይ» ብሎ የሸጠልኝን የ1970 ኤስ ሴንት ለዓመታት በክብር አስቀምጬ ነበር፤ ቁጥሩና ኤሱ አብረው መደረባቸውን እንደ ዋስትና ቆጥሬው ነበርና ስሕተትዎን ከልቤ እረዳዋለሁ። ትላልቆቹ የሳንቲም ማረጋገጫ ድርጅቶች የማሽን መደረብን እንደ ልዩ ዓይነት አይመዘግቡትም፤ ስለዚህ ለማስመርመር ገንዘብ ማውጣት ለዚህ ሴንት አያስፈልግም።

አይጣሉት ግን። ለመማሪያ ከእሱ የተሻለ አያገኙም። በአጉሊ መነጽር ሥር ደረጃውን ፈልገው፣ ኤሱ አናቱ ምን ያህል እንደቀጠነ ከጤነኛ የ1969 ኤስ ጋር አስተያይተው፣ በመብራቱ ሥር ቦግ ሲል ዓይንዎ እስኪለምደው ደጋግመው ያዙሩት። ይህን ምስል ዓይንዎ አንዴ ከያዘው፣ ድርብ ዳይ ሲገጥምዎ እንግዳ መሆኑን ወዲያው ያውቁታል።

ይልቁንስ የእኔን ሐሳብ የያዘው ትቼዋለሁ ያሉት የ1995ቱ ሴንት ነው። በ1995 በፊላዴልፊያ፣ ማለትም ከቁጥሩ ሥር ምንም ፊደል ሳይኖር፣ የታተመ እውነተኛ ድርብ ዳይ አለ። መደረቡ የሚጎላው «ሊበርቲ» በሚለው ቃልና «ኢን ጋድ» በሚሉት ፊደሎች ላይ ሲሆን፣ የዓመቱ ቁጥር ግን ጤነኛ ይመስላል። እርስዎ ደግሞ የጻፉት ቃሉ ወፈር ማለቱን ነው፤ ጥርት ያለ ደረጃ ባለማየትዎ ናቁት። ከላይ እንዳልኩት ደረጃ የማሽን ምልክት ነው፣ ውፍረት ግን የዳይ። ዓይንዎ ትክክለኛውን ነገር አይቶ ሳለ የመጀመሪያው ሴንት ስላስለመደው ፍርዱን ገለበጠው።

ስለዚህ ያን ሴንት ፈልገው ያውጡት። በምንም ነገር አይጥረጉት፣ በሎሚም ሆነ በሳሙና አይጠቡት፤ የተፋቀ መዳብ ከዋጋው ብዙ ያጣል። ከቁጥሩ ሥር ዲ የሚል ፊደል ካለበት የዴንቨር ነውና የምለው ዳይ አይደለም። ፊደል ከሌለበት፣ እንደ እሱ ፊደል የሌለበት ሌላ ጤነኛ የ1995 ሴንት ከመደብሩ ሳጥን አውጥተው አጠገቡ ያስቀምጡና በ«ሊበርቲ» ፊደሎች ቀኝና ግራ ሁለተኛ ክብ ጫፍ፣ በቲው ክንድና በኢው ጫፎች ላይም የእርግብ ጅራቱን ስንጥቅ ይፈልጉ። ልባሱ የተሰነጠቀ ዚንክ እንዳይሆን ቀለሙንም ያስተውሉ፤ ነጣ ወይም ግራጫ ካለ ልባስ ነው፣ እንደ ቀሪው ሜዳ የመዳብ ቀለም ከያዘ ግን ምስሉ የዳዩ ነው። ይህ ሴንት ብዙ ስለተገኘ ዋጋው ከ1955ቱ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ ከሱቅ ሳጥን የወጣ እውነተኛ ድርብ ዳይ ይሆናል። መብራቱን አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ አድርገው «ሊበርቲ» የሚለውን ቃልና የዓመቱን ቁጥር ለየብቻ አንስተው አራቱን ፎቶ ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።